ወረቀቱ የት ከረመ? የፊሊፒናውያንን ታሪክ ከምንጩ ስለ ማንበብ የተካሄደ ክርክር

በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ክሩን የከፈተው ዱባይ ውስጥ በሆቴል ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። ከፊሊፒናውያን ጋር ለዓመታት አብሮ ሠርቷል። አንዲት የሥራ ባልደረባው በአገሯ ዩኒቨርሲቲ የተማረችበትን የታሪክ ንባብ ጥራዝ አውሳው ኖሮ፣ ጥራዙ የፕሮፌሰር ትንታኔ ሳይሆን የቆዩ ደብዳቤዎች፣ የጉዞ ማስታወሻዎች፣ የምርመራ ቃሎችና አዋጆች ስብስብ ሆኖ ማግኘቱ አስገርሞታል። ከዚያ ተነሥቶ አንድ ጥያቄና አንድ አቋም አቀረበ። ጥያቄው የትኛውን ሰነድ አስቀድሞ ማንበብ ይሻላል የሚል ነው። አቋሙ ደግሞ በዓይኑ ያየ ሰው የጻፈው እያለ የታሪክ ሊቅ ምን ያደርጋል የሚል ሲሆን፣ ለዚህም የስፔንን መርከቦች የመራው ማጄላን ማክታን በተባለች ደሴት ላይ ሲወድቅ በውጊያው የነበረውን ጣልያናዊ የጉዞ ጸሐፊ አንቶኒዮ ፒጋፌታን አብነት አድርጎ ጠራ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ምላሾች በቁጥራቸው እተርካለሁ። ምስጋና ብቻ የያዙትን እዘላለሁ። ሌላ ካልተባለ በቀር ቀኖቹም ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መላሽ ጠያቂውን እርስዎ እያለ በአክብሮት ተስማማ፤ የፒጋፌታንም ትረካ ለማያውቁት አሳጥሮ አቀረበ። መርከቦቹ የሳማርን ተራሮች ያዩት መጋቢት 16 ቀን 1521 ነው። የትንሣኤ ዕለት መጋቢት 31 ማዛዋ በተባለች ደሴት ቅዳሴ ተቀደሰ። ሚያዝያ 27 ማጄላን ሞተ። በ1522 መስከረም በቪክቶሪያ መርከብ ስፔን የደረሱት 18 አውሮፓውያን ብቻ ሲሆኑ ፒጋፌታ ከእነርሱ አንዱ ነበር። 2ኛው መጽሐፉ በአማርኛ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ፤ መልስ የሰጠው የለም።

የክሩን አቅጣጫ የቀየረው 3ኛው ነው። ጨዋ ነው፤ ግን አይለቅም። ፒጋፌታን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ማጄላንን የገደለውን ሰው ስም አያገኝም አለ። ላፑላፑ በትረካው ውስጥ አልገዛም ያለ የማክታን አለቃ ሆኖ ይጠራል እንጂ ሰይፍ መዝዞ ከማጄላን ጋር ሲፋለም አይታይም። ትረካው የሚለው አንድ ሰው በቀርከሃ ጦር ፊቱን እንደወጋው፣ እጁ ቆስሎ ስለነበር ሰይፉን ከግማሽ በላይ መምዘዝ እንዳልቻለ፣ ከዚያም እግሩን ተመትቶ በግንባሩ እንደወደቀና ብዙዎች እንደተረባረቡበት ነው። ሁለቱን ፊት ለፊት ያቆመው የኋለኛው ዘመን ሥዕል ነው። ቁጥሮቹስ? ከመርከበኞቹ ውኃ ውስጥ የወረዱት 49፣ የማክታን ተዋጊዎች 1,500 ናቸው ይላል ፒጋፌታ። የመጀመሪያውን መቁጠር ይችል ነበር። ሁለተኛውን የገመተው ግን በመርዝ ቀስት ግንባሩን ተመትቶ እያፈገፈገ ያለ፣ አለቃውንም ከልብ የሚወድ ሰው ነው። በዚያ ላይ በራሱ በፒጋፌታ እጅ የተጻፈው ቅጂ የለንም። የቀሩት አራት የእጅ ጽሑፎች ናቸው፤ አንዱ በጣልያንኛ ሚላኖ፣ ሦስቱ በፈረንሳይኛ፣ ከእነዚያም ሁለቱ ፓሪስ አንዱ አሜሪካ ይገኛሉ። ስለዚህ የዓይን ምስክሩ ድምፅ ወደ እኛ የደረሰው በገልባጮች በኩል ነው።

በእኔ አስተያየት ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚህ ምላሽ ልጅ ነው። ወረቀቱ ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ እኛ እስካነበብነው ድረስ የት ከረመ? በማን እጅ አለፈ?

4ኛው 3ኛውን ሳያነብ የጠያቂውን አቋም ደገመ። 5ኛው መርከበኛ ነኝ ባይ ሲሆን ወደ ሌላ ወሰደን። ቪክቶሪያ በመልሱ ጉዞ ኬፕ ቨርዴ ስትደርስ በመርከቡ ዕለቱ ረቡዕ ሲሆን በየብስ ግን ሐሙስ ሆኖ ተገኘ፤ ፒጋፌታ ማስታወሻውን አንድም ቀን ሳያቋርጥ ጽፎ ነበርና በጣም ተደነቀ። ምድርን በምዕራብ አቅጣጫ የዞረ ሰው አንድ ቀን ይጎድለዋል። ስለዚህ በዛሬው የእስያ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 የተባለው ቀን 28 ነው ማለት ነው። 6ኛው ይህን ሲያነብ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጦ የማክታን ውጊያ ሚያዝያ 19 ቀን 1513 ዓ.ም. ነው አለ። 7ኛው በትዕግሥት አረመው፦ በዚያን ጊዜ የጎርጎርዮስ (የዛሬው የአውሮፓውያን) አቆጣጠር አልወጣም፤ ስለዚህ ትክክሉ ግንቦት 2 ቀን፣ የልደታ ማግሥት ነው። የምዕራባውያንና የኢትዮጵያ የፋሲካ ስሌት ገና አልተለያየም ነበርና፣ በማዛዋ ቅዳሴ የተቀደሰበት የትንሣኤ እሑድ እና በልብነ ድንግል ዘመን ኢትዮጵያ ፋሲካን ያከበረችበት እሑድ በቀን መቁጠሪያው አንድ ቀን ናቸው ብሎ ጨመረ። ፊሊፒንስ በሜክሲኮ በኩል ትተዳደር ስለነበር ይህችን የጎደለች ቀን ለሦስት መቶ ዓመታት ተሸክማ ኖራ፣ በገዢው ክላቬሪያ ትእዛዝ ታኅሣሥ 31 ቀን 1844ን ዘልላ ከሰኞ ወደ ረቡዕ እንደተሻገረች ያስታወሰውም እርሱ ነው። ከርእስ ወጡ ብሎ የተቆጣ ሰው ነበረ። እኔ ግን ከርእስ ወጡ አልልም፤ ምንጭ ላይ ያለ ቀን በራሱ ቀን እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

8ኛዋ መላሽ ቴክሳስ የምትሠራ ነርስ ናት። አብራት የምትሠራ የቡቱዋን ተወላጅ በፊሊፒንስ የመጀመሪያው ቅዳሴ የተደረገው በእኛ ከተማ ነው ብላ ስትከራከር ሰምታ ነገሩን እስከ ሥሩ ተከታትላዋለች። የቡቱዋን ወገኖች ያለ መሠረት አይናገሩም። ኢየሱሳዊው (ጀስዊቱ) ካህን ኮሊን በ1663 በታተመው ታሪኩ ቅዳሴውን ቡቱዋን ላይ አድርጎታል፤ በ1872 በዚያው አካባቢ መታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። ይሁንና ኮሊንም ሆነ ተከታዮቹ የፒጋፌታን ሙሉ ጽሑፍ አላዩም፤ በእጃቸው የነበረው ጣልያናዊው ራሙሲዮ በ1550 ያሳተመው የተዛባ አጭር ትርጉም ነበር። ሙሉው ጽሑፍ በሚላኖው አምብሮሲያና ቤተ መጻሕፍት ተገኝቶ ሲታተም ማዛዋ ደሴት መሆኗ፣ የቡቱዋን ንጉሥም ወደዚያ ለእንግድነት የመጣ ሰው መሆኑ ታወቀ። ኬክሮሱን ፒጋፌታ 9 ዲግሪ ከሁለት ሦስተኛ፣ የመርከብ መሪው አልቦ 9 ዲግሪ ከአንድ ሦስተኛ ብለው መዝግበዋል፤ ማዛዋ ናት የምትባለው የሊማሳዋ ደሴት ከ10 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ትላለች፣ ቡቱዋን ደግሞ ከ9 ዲግሪ በታች ናት። የአገሪቱ ብሔራዊ የታሪክ ኮሚሽን በ2020 ለሊማሳዋ ፈርዷል። ነርሷ የሥራ ጓደኛዋ እስከ ዛሬ በዚህ እንዳልተስማማች ጽፋለች።

9ኛው ቅዳሴው የትም ቢቀደስ ምን ይለወጣል አለ። 10ኛው ኮምጨጭ ብሎ መለሰለት፦ አንድ ብልሹ ትርጉም ለሁለት መቶ ዓመታት ሊቃውንትን ሁሉ አሳስቶ ሐውልት ካስቆመ፣ የምንጭ ጉዳይ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም።

ከዚያ ክሩ ጋለ። 11ኛው መላሽ በደስታ ተሞልቶ መጣ። አውሮፓዊው ፒጋፌታ ምን ይሠራልናል፤ ፊሊፒናውያን ከስፔኖች በፊት በ1433 ዳቱ (አለቃ) ካላንቲያው ያወጣው የተጻፈ የወንጀል ሕግ ነበራቸው አለ። ጥፋተኛን በፈላ ውኃ መቀቀልንና ለጉንዳን ማስበላትን እየጠቀሰ ድንጋጌዎቹን ሁሉ ዘረዘረ። 12ኛው መልሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጀመረ፦ ሐሰት ነው። ሰነዱን በ1914 ለማኒላ ቤተ መጻሕፍት ያስረከበው ሆሴ ማርኮ የተባለ ሰው ነው። በ1917 በእንግሊዝኛ ታተመ፤ የመማሪያ መጻሕፍት ገባ፤ ለዳኞችም ተጠቀሰ። በ1968 ዊሊያም ሄንሪ ስኮት ለዶክትሬት ጥናቱ እያንዳንዱን የቅድመ ስፔን ምንጭ አንድ በአንድ ሲመረምር ከማርኮ በፊት ሰነዱን ያየ፣ የጠቀሰ፣ የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ አንድም ሰው አጣ። እዚህ ላይ 12ኛው፣ ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለውን አባባል ጠቀሰ። ማደሪያ የሌለው ሰነድ ማለቱ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁለትም።

13ኛው ምላሽ የ11ኛው ሰው ራሱ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ሁሉንም እርስዎ ሲል የነበረው አሁን አንተ ማለት ጀመረ። አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ የፊሊፒናውያንን ሕግ ሐሰት ስላለ ተቀብለህ ትሮጣለህን ዓይነት ነገር ነው የጻፈው። 14ኛዋ ገብታ ሁለት ነገር አስታወሰችው። አንደኛ፣ ስኮት ኑሮውን በሳጋዳ ተራሮች ያደረገ፣ በ1972 ፕሬዚዳንት ማርኮስ የጦርነት ጊዜ ሕግ ሲያውጅ በአፍራሽነት ተከስሶ የታሰረና ኋላም ነጻ የወጣ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ የፊሊፒንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ማስረጃውን ተቀብለውታል፤ የመንግሥት የታሪክ ተቋምም በ2004 የካላንቲያው ሕግ መሠረት የለውም ብሏል። የሰውየው ዜግነት ማስረጃ አይሆንም፤ የሰነዱ ዜግነትም እንዲሁ። 15ኛው በበኩሉ በዚህ በሌለ ሰው ስም የባሕር ኃይሉ የጦር መርከብ እንደነበረውና በ1981 አውሎ ነፋስ እንደሰበረው አክሎ የዳር ተመልካቹን አሳቀ። 16ኛው የመድረኩ አስተናባሪ ነው፤ ስድብ እንዲቀር አስጠነቀቀ።

እውነቱን ለመናገር 11ኛው ሰው ያሳዝናል። የፈለገው ነገር ክፉ አልነበረም፤ የአገሬው ሰው በራሱ ቃል ሲናገር መስማት ነው የፈለገው። ማርኮም የሸጠው ይህንኑ ፍላጎት ነው።

17ኛው ለዚህ ፍላጎት እውነተኛውን ነገር አቀረበ፦ የላጉናን የመዳብ ሰሌዳ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሉምባንግ ወንዝ አፍ አሸዋ ሲወጣ የተገኘ፣ በጥንታዊ የጃቫ ፊደል፣ ሳንስክሪት በተቀላቀለበት የማላይ ቋንቋ የተጻፈ ቀጭን ሰሌዳ ነው። በሻካ ዘመን (በጥንታዊው የሕንድ አቆጣጠር) 822 ይላል፤ ይህም ሚያዝያ 21 ቀን 900 ነው። የሚያወራው ናምዋራን የተባለ ሰው የነበረበት የ1 ካቲና 8 ሱዋርና (የክብደት መለኪያዎች ናቸው) የወርቅ ዕዳ ከነልጆቹ እንደተሰረዘለት ነው። 18ኛው በጥሩ ጥርጣሬ ያዘው፦ ካላንቲያው ማደሪያ የለውም ተብሎ ከተጣለ፣ ከወንዝ ወጥቶ በዕቃ ነጋዴዎች እጅ ዞሮ ብሔራዊ ሙዚየም የገዛው ሰሌዳ በምን ይለያል? የክሩ ምርጥ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። 19ኛው ሲመልስ፣ ሰሌዳውን ያነበበው ሆላንዳዊ አንቶን ፖስትማ ፊደሉ፣ ቋንቋውና የቀኑ አቆጣጠር ሁሉም ከዘመኑ ጋር እንደሚገጥሙ ማሳየቱን ገለጸ፤ ይህን ሁሉ አዋቅሮ ለመሥራት ሐሰተኛው ራሱ በየዘርፉ ሊቅ መሆን ነበረበት። ጽሑፉም ጀግና የለውም፤ የዕዳ ስረዛ ደረሰኝ ነው። ገንዘብ ፈላጊ ሐሰተኛ ገዢው የሚመኘውን ይጽፋል እንጂ የማንም የማይታወቅ ሰው ደረሰኝ አይጽፍም። የመጨረሻው ነጥብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከፊተኞቹ ጋር ግን ይቆማል።

20ኛው ወደ አገር ቤት ወሰደን። ፒጋፌታ ሴቡ በነበረበት ዘመን ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ኢትዮጵያ ገብቶ ያየውን እየመዘገበ ነበር፤ ስለዚህ እኛና እነርሱ እኩል ነን አለ። 21ኛው እኩል አይደለንም አለ። እኛ አልቫሬዝን የምናስተያየው በግእዝ ከተጻፈ ዜና መዋዕልና ገድል ጋር ነው። ፊሊፒናውያንም መጻፍ አላቃታቸውም፤ ኢየሱሳዊው ቺሪኖ በ1604 ወንድም ሴትም በራሳቸው ፊደል እንደሚያነቡና እንደሚጽፉ መስክሯል። ግን የሚጽፉት በቀርከሃና በቅጠል ላይ ነበር፤ በዚያ እርጥበት የሚተርፍ ነገር አይደለም። በወረቀት ላይ ከሰፈረው መካከል በሳንቶ ቶማስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት የሚገኙት፣ ባይባዪን በተባለው የአገሬው ፊደል የተጻፉት የ1613 እና የ1625 የመሬት ሽያጭ ውሎች ይጠቀሳሉ። እነዚህ እኮ ከስፔን ወረራ በኋላ ነው የተጻፉት ብሎ 22ኛው ሲነጫነጭ፣ 21ኛው ታዲያ ይህ ፊደሉ ባንድ ቀን እንዳልጠፋ ያሳያል እንጂ ምን ይጎዳናል አለው። በመካከሉ አንድ አዛውንት የሚመስሉ ጸሐፊ በ23ኛው ስለ ኮሪያ ጦርነት፣ የቃኘው ሻለቃና የፊሊፒንስ ጦር በአንድ የተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር ስለ መዋጋታቸው ረጅም ጽሑፍ ለጠፉ። መልካም ነው፤ ከጉዳያችን ጋር ግን አይገናኝም። ጠያቂውም በ24ኛው ተመልሶ በትሕትና አባታችን አመሰግናለሁ ካለ በኋላ ንባቡን ከየት ልጀምር ሲል ደገመ።

25ኛው ንዴት የተቀላቀለበት ነው። የስፔን መነኮሳትና ሹማምንት የጻፉት ሁሉ የወራሪ ወሬ ስለሆነ መጣል አለበት ይላል። 26ኛው የፊሊፒናውያን ብሔራዊ ጀግና ሆሴ ሪዛል እንዲህ አላደረገም ሲል መለሰ። ሪዛል በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጦ የስፔኑ ሹም አንቶኒዮ ዴ ሞርጋ በ1609 ሜክሲኮ ያሳተመውን መጽሐፍ በእጁ ገለበጠ፤ በ1890 ፓሪስ ከማብራሪያ ጋር አሳተመው። የቅኝ ገዢውን ምስክርነት ይዞ ወገኖቹ ከስፔኖች በፊት ንግድ፣ መርከብ ሥራና ሥርዓት እንደነበራቸው ተከራከረበት። ወዳጁ ብሉሜንትሪት በዚያው መጽሐፍ መግቢያ ላይ የጥንቱን ሰው በዛሬ ሚዛን ትመዝናለህ ብሎ ወቀሰው፤ ሪዛልም ወቀሳውን ከመጽሐፉ አላወጣውም። 27ኛዋ በዚህ ላይ የመነኩሴውን የፕላሴንሲያን የ1589 ሪፖርት ጨመረች። የታጋሎግን ሕዝብ ዳቱ፣ ማሃርሊካ (መኳንንት) እና ሁለት ዓይነት ባሪያ የሚለየው ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለፍርድ ሥራ ነው። ጸሐፊው ማን ለማን ዕዳ እንዳለበት በትክክል ማወቅ ያስፈልገው ነበር፤ ለማሞገስም ለማዋረድም ምክንያት አልነበረውም። 25ኛው አልተመለሰም።

ስለ 1896 የተነሣው ክርክር ለብቻው ክር የሚገባው ነበር። 28ኛው በስፔን ላይ የተነሣው የምስጢር ማኅበር የካቲፑናን አባላት የግብር ወረቀታቸውን ቀድደው አመፁን ያወጁበትን ቀንና ቦታ ምስክሮች እንዴት እንደሚለያዩበት ዘረዘረ። ፒዮ ቫሌንዙዌላ ነሐሴ 23፣ ፑጋድ ላዊን ይላል። ሳንቲያጎ አልቫሬዝ ነሐሴ 24፣ ባሃይ ቶሮ ይላል። የማኅበሩ መሪ የቦኒፋሲዮ ባለቤት ግሬጎሪያ ዴ ሄሱስ ነሐሴ 25 ትላለች። ሁሉም የድርጅቱ ሰዎች ናቸው። ቫሌንዙዌላ ደግሞ በዚያው ዓመት ተይዞ ሲመረመር ባሊንታዋክ ብሎ ነበር፤ ፑጋድ ላዊንን ያመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ በጻፈው ማስታወሻ ነው። መንግሥት ግን በ1963 የቫሌንዙዌላን የኋላ ቃል ተከትሎ በዓሉን ነሐሴ 23 አደረገው። 29ኛው፣ ተመርማሪ በፍርሃት ይዋሻል፣ አዛውንትም ይረሳል፤ የትኛውን ትመርጣለህ ብሎ ጠየቀ። 30ኛው አመፁ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1888 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል ስድስት ወር በኋላ መሆኑን አስልቶ ሲያቀርብ ክሩ ለአፍታ ሞቅ አለ።

31ኛው ሪዛል ከመገደሉ በፊት ወደ ካቶሊክ እምነቱ ተመለሰ የሚባልበትን ወረቀት አነሣ፤ እዚህ ላይ የሃይማኖት ጠብ ተቀሰቀሰና አስተናባሪው ብዙውን ሰረዘው። የተረፈው ቁም ነገር አንድ ነው፦ ሪዛል የተገደለው ታኅሣሥ 30 ቀን 1896 ሲሆን ወረቀቱ በቤተ ክህነቱ መዛግብት ተገኘ የተባለው በ1935 ነው። ከዚያ በፊት ጋዜጦች ያተሙት ቃልና የተገኘው ወረቀት ቃል ደግሞ በየቦታው ይለያያሉ።

32ኛው ከሁሉም ይልቅ ተግባራዊ ነው። የመከረም ያስጠነቀቀም እርሱ ነው። ለጀማሪ በ1903 እና በ1909 መካከል የወጣው የብሌየርና የሮበርትሰን 55 ቅጽ የሰነድ ስብስብ ጥሩ በር ነው፤ ሆኖም ትርጉሙም ምርጫውም አሜሪካ አገሪቱን በያዘችበት ዘመን የተሠራ መሆኑን አይዘንጉ አለ። የአብዮቱን ዘመን ለሚሻ ደግሞ የአሜሪካ ጦር ከአብዮቱ መሪ ከአጊናልዶ ሰዎች የማረካቸው ወረቀቶች አሉ። ካፒቴን ቴይለር አደራጃቸው፣ ዋሽንግተን ተጓዙ፣ በ643 ጥቅል ማይክሮፊልም ተቀረጹ፣ ዋናዎቹም በ1958 ወደ ማኒላ ተመለሱ። ማራኪ የሰበሰበው የሚጠቅመውን ነው ብሎ ተቃውሞ እንዳይነሣ ቀድሞ መልሱን ሰጠ፦ ቴይለር መርጦ ያዘጋጀው ሌላ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሌላ ነው፤ ሳጥኑ ተከፍቶ ይነበባል።

33ኛዋ ወረቀት ያልጻፈው ገበሬስ አለች። የታሪክ ጸሐፊው ሬይናልዶ ኢሌቶ በ1979 ያሳየው መንገድ አለ ብላ፣ ፊሊፒናውያን በሰሙነ ሕማማት በዜማ የሚያነቡትን ፓስዮን፣ የክርስቶስን መከራ የሚተርክ ረጅም ግጥም፣ ሕዝቡ ነጻነትን በምን እንዳሰበው ለማወቅ እንደ ምንጭ መጠቀሙን ጻፈች። ቦኒፋሲዮና ጓዶቹ ወደ ፓሚቲናን ዋሻ የወጡት በ1895 የሕማማት ሳምንት መሆኑንም አስታወሰች። 34ኛው አላመነም። የዋሻው ነገር የተነገረው በኋላ በነበሩት ሰዎች ትዝታ ነው፤ ከቫሌንዙዌላ ማስታወሻ ጋር አንድ መደብ ውስጥ ይገባል፤ ግጥም ደግሞ የዘማሪውን ልብ አያሳይም አለ። እርሷም በ35ኛው ትዝታ መሆኑን ሳትክድ፣ ሕማማት መሆኑ ግን የፈጠራ ጌጥ አይመስለኝም ብላ መለሰች፦ በዚያ ሳምንት ሕዝብ ለጸሎት ወደ ተራራና ዋሻ ስለሚጎርፍ፣ ጥቂት የከተማ ሰዎች ተራራ ሲወጡ የዘብ ጥርጣሬ የሚያነሡበት ከዚያ ያነሰ ጊዜ አልነበረም።